ልጃቸው ነኝ በይ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ለወይዘሮ የሺእመቤት
ደምበጫ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለው? ያቺ ሰው የምትወጋው ጊደር ወለደች ወይስ አሁንም አምባገነን ናት? ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ» ይባላል። ናፍቆቱ እውነት ነው። ደኅንነቴን ግን ሰምተሽ ስትጨርሺ አንቺው ትፈርጃለሽ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምንድን ነው ብለሽ እንዳትስቂብኝ። እናንተ ዘንድ ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ይተኛል። ቢሠራም እኔ ከምኖርበት ቤት ሆኜ አንቺን «እማዬ» ብዬ መጥራት አልችልም። የኔን ክፍልና የአከራዬን የእትዬ ዘመነችን ሳሎን የሚለያቸው አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው፤ ሲያስነጥሱ እኔ ነኝ «ይማርዎት» የምል። ስለዚህ ሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከመለዋወጫ ካርቶን ጀርባ ተቀምጬ ጻፍኩት። የኔሰው በአይሱዙው ይዞልሽ ይመጣል። ማርያማዊት ታንብብልሽ፤ በሩን ዝጉና ቀስ ብላ ታንብብ። ልጅቷ እንደ ትምህርት ቤት በሩጫ ማንበብ ስለምትወድ ነው።

የዓይንሽ ሞራ መባሱን የኔሰው ነገረኝ። ከኅዳር ጽዮን በኋላ ልትታከሚ እንደምትመጪም ነገረኝ። እማዬ፣ ደስታዬ ወሰን የለውም። ፍርሃቴም እንደዚያው። ከመምጣትሽ በፊት ስለምኖርበት ቤት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት መፈለግ ምን እንደሚመስል ነግሬሽ አላውቅም፤ እንዳታዝኚ ብዬ ነው። ሳምሪን ታውቂያታለሽ፣ አብራኝ የምትሠራው። ዓለም ባንክ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተን ነበር፤ እሷ ስታገባ ባሏ ገባ፣ እኔ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያላየሁት አጥር የለም። ደላላው ሲደውል ትሮጫለሽ፤ ስትደርሺ በሩ ላይ የሰው መንጋ ቆሟል። አከራዮቹ ደግሞ ጥያቄያቸው! ልጅ አለሽ? እንግዳ ይመጣብሻል? ልብስ ማጠብ ታበዢያለሽ? ውሃ ታፈሺያለሽ? በአጭሩ ኪራይ የሚከፍል፣ ነገር ግን የማይተነፍስ ሰው ነው የሚፈልጉት። መንግሥት ይሰጣል ስለሚባለው ኮንዶሚኒየም እንዳትጠይቂኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ኮልፌ የእትዬ ዘመነች ግቢ የሄድኩ ቀንም እንዲሁ ሰው ሞልቶ ነበር። ከሳሎኑ ጋር የተያያዘች የሰርቪስ ክፍል ነች፣ ትንሽ፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ። እትዬ ዘመነች ከበረንዳቸው ሆነው ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ። ማንንም ምንም አልጠየቁም። እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመና «ያቺ ትግባ» አሉ። ቀብድ አልጠየቁኝም። የሌላ ቤት ግማሽ በማይሞላ ዋጋ ነው የገባሁት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለኔ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። «ከወረዳ መጥተው ከጠየቁሽ፣ ልጃቸው ነኝ በይ» አሉኝ።

ሳቅሁ። እዚህ ይህ አዲስ ነገር አይደለም እማዬ። ተከራይ እንዳለው የታወቀበት አከራይ ውል ማስመዝገብ አለበት፤ ካስመዘገበ የኪራይ ግብር ይመጣበታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይ የሚባል ፍጥረት የለም፣ ሁሉም ዘመድ ነው። ሳምሪ ድሮ የአከራያችን የእህት ልጅ ነበረች፣ እኔ ደግሞ የእህቷ ባል ዘመድ። የመደብራችን ዘበኛ የጉራጌ ሰው ሆኖ የወላይታ ሰውዬ የአጎት ልጅ ነኝ ይላል። ሌላው ሰው የእህት ልጅ፣ የአክስት ልጅ ይላል፤ እትዬ ዘመነች ደፈር ብለው «ልጄ» አሉ። ምን ይለያል ብዬ ነበር።

ልጅ ነበረቻቸው፤ ሚሚ። አንድያ ልጃቸው። ከዓመታት በፊት ከጓደኞቿ ጋር በመተማ አድርጋ ወጣች፤ ሱዳን ገብቻለሁ ብላ አንድ ጊዜ ደወለች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የለም። ሞተች ያለ ሰው የለም፣ አለች ያለም የለም። እትዬ ዘመነች እርሟን አላወጡም። ድንኳን አልተጣለ፣ ጥቁር አልለበሱ፤ የሰፈሩ ሰውም በፊታቸው «ነፍስ ይማር» የምትለዋን ቃል ለሌላ ሰው እንኳ አይናገርም። እኔ ስገባ የሚሚ ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነበር መሰለኝ። በማግሥቱ ስገባ ተነሥቷል፤ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል። ምነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጅ ቤቷ እያለች ፎቶዋ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ አሁንም ሳቅሁ። ሳቅ አበዛ ነበር ያኔ።

ከዚያ ልምምዱ መጣ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እያስቀመጡ ያስጠኑኛል። የት ተማርሽ? በየትኛው ታቦት ክርስትና ተነሣሽ? እጅሽን ያቃጠለሽ ምንድን ነው? (የጋዝ ምድጃ ነው፣ ግራ እጇን።) የጎረቤት ልጅ ጥርስ የሰበርሽው በምን ምክንያት? «የወረዳ ሰዎች ተንኮለኛ ናቸው፤ ድንገት ቢጠይቁሽ እንዳትደናገሪ» ይሉኛል። ስመልስ በደስታ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ስሳሳት አይቆጡም፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፣ እስክደርስበት። እኔም ቤቱን እንዳላጣ ስለፈራሁ አጠናሁ። ታውቂኛለሽ፣ ጥናት አያቅተኝም።

ብርድ ሲመጣ የሚሚን ሹራብ ሰጡኝ። ልክ ሆነኝ። ይሁን፣ ሹራብ ለማንም ልክ ይሆናል። በኋላ ጫማዋን ሰጡኝ፤ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ የተለበሰ። እማዬ፣ አስታውሺ፤ እኔ ስራመድ የቀኝ ተረከዜን ወደ ውጭ ስለምጥል ጫማዬ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ይበላል፤ አንቺ «ጫማ ጨራሽ» ትይኝ ነበር። የሚሚ ጫማም የተበላው እዚያው ጋ ነው። አገላብጬ አየሁት፣ ሌላው ቦታ ደኅና ነው። አድርጌ ስራመድ አንድ ቀን እንኳ አልቆረጠኝም።

እትዬ ሸዋረጋ የሚባሉ ሱቅ ያላቸው ሴትዮ አሉ፣ በር ለበር ነን። ሚሚን ከሕፃንነቷ ያውቋታል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ፊት «ሚሚ፣ መጣሽ?» ብለው ይጠቅሱኝ ነበር፤ ምስጢሩን አብረው እየጠበቁልን ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነት ለመናገር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ ወረዳን የሚያታልልበት ጨዋታ ውስጥ ገብቼ፣ ብቸኝነቴ ቀለለልኝ። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ሄድኩ፤ ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም፣ እኔና እሳቸው ብቻ። «ሚሚ፣ ለእናትሽ ስኳሩ መጥቷል በያት» አሉኝ። ዓይናቸውን እየጠበቅሁ ነበር፣ እንዲጠቅሱኝ። አልጠቀሱኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ የጠቀሰኝ የለም።

እማዬ፣ አሁን የምነግርሽ ነገር ላይ ማርያማዊት ቆም ትበልና እጅሽን ትያዝልሽ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ ዘመነችና እኔ ጓሮ ልብስ እናሰጣ ነበር። ፀሐዩ ከበደኝና «ኮኩ ከተቆረጠ ወዲህ እኮ እዚህ ጥላ የለም» አልኩ። እትዬ ዘመነች አንሶላውን እንደያዙ ቆሙ። ጓሮው ሲሚንቶ ነው፤ ጉቶ እንኳ የለም። «ኮኩን ማን ነገረሽ?» አሉኝ። እኔ እንጃ። ማን እንደነገረኝ አላውቅም። ከአፌ ወጣ፣ በቃ። «እኔስ ረስቼው ነበር» አሉና ማስጣታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ የእሑዱን ጥናት ተዉት። እኔ ግን ከየት እንደሰማሁት እስካሁን ልቤን እየቆፈርኩ ነው። ምናልባት የኛን ግቢ አስቤ ይሆናል እላለሁ። እኛ ጓሮ ያለው ጌሾና እንኮይ ነው፤ ኮክ የለንም፣ አይደል? ወይስ አለን? ማርያማዊት ወጥታ ትይልኝ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዘንድሮ ቤት በመጥፋቱ ሕዝቡ ሲጮህ ለተከራይ አንድ ነገር ተደረገ ተባለ። ደሞዝተኛ ሆኖ የሚከራይ ሰው፣ ውሉን ወረዳ ቀርቦ ካስመዘገበ፣ ከደሞዙ ከሚቆረጠው ግብር ይቀነስለታል። ያስመዘገበን ተከራይ ደግሞ አከራዩ እንደፈለገ ብድግ አድርጎ አያስወጣውም። እዚህ አየር ጤና ሰፈር በዚያ ሰሞን ስንት ዝምድና እንደፈረሰ ባየሽ! የእህት ልጅ የነበረው ሁሉ በአንድ ጀምበር ባዳ ሆነ። ዘበኛችን እንኳ የወላይታውን የአጎቱን ልጅ ካደ።

እኔም አሰብኩ። የሚተርፈኝ ለዓይንሽ ሕክምና ይሆናል ብዬ። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ወረቀት እንዲይዘኝ ፈለግሁ። «ጽጌማርያም» ተብሎ ስሜ የሚጻፍበት፣ ማኅተም የሚያርፍበት፣ የሆነ ቦታ የሚቀመጥ ወረቀት። በዚያን ጊዜ በስሜ የሚጠራኝ ሳምሪና የደሞዝ ዝርዝሩ ብቻ ነበሩ።

እትዬ ዘመነች ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። የርስዎንም ግብር ቢሆን በኪራዩ ላይ እጨምራለሁ፣ አይጎዱም አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«መብትሽ ነው ልጄ» አሉኝ። «ሄደሽ ተመዝገቢ። አንድ ነገር ግን ዕወቂ። አንቺ ተከራይ ከሆንሽ ልጄ እዚህ የለችም ማለት ነው። እዚህ ከሌለች የትም የለችም። እንግዲያው ተከራይ ነኝ ባልሽ ቀን እርሜን አወጣለሁ።»

ይህን ብለው አንዲት ጠጠር ለቅመው ጣሉ፤ ምስሩን ቀጠሉ። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ማድ ቤቱ ጀርባ የእድር ድንኳን ከነምሰሶው ተደግፎ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ አገኘሁ። ማን እንዳመጣው የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁ።

የወረዳ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚመዘግቡበት ቀን ማክሰኞ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። ጧቱ ብራ ነው፣ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ክፍሌ ሆኜ መታወቂያዬን ያዝኩ፤ ለመለማመድ «ተከራይ ነኝ» ብዬ ደጋግሜ አልኩ። አስቢው እማዬ፣ ጽጌ መሆንን እየተለማመድኩ ነበር። በር ከፍቼ ስወጣ የሰፈሩ ሴቶች ግቢውን ሞልተውታል።

አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሁሉም። እትዬ ሸዋረጋ ፊት ለፊት ናቸው። አያለቅሱም፣ አያወሩም፤ የወንበር ድምፅ እንኳ የለም። ድንኳኑ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ ገመዱ ተፈትቷል፣ ለማንሣት አራት ወንዶች ጥግ ጥጉን ይዘው ቆመዋል። ሰላም ስላቸው የመለሰልኝ የለም። ዓይኔን አይደለም የሚያዩት፤ አፌን ነው የሚያዩት።

መዝጋቢዎቹ መጡ። አንዷ ሉሲ የምትባል ልጅ ናት፣ ታብሌት ይዛለች። ግቢውን ስታይ ደነገጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይቅርታ እማማ፣ ኀዘን ቤት ነው እንዴ? በሌላ ቀን እንመለስ?»

«ገና ነው» አሉ እትዬ ዘመነች። «ግቡ።»

ሉሲ የቤቱን ቁጥር፣ የክፍሎቹን ብዛት፣ የሳቸውን ስም ሞላች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ? ተከራይ ነሽ?»

አፌን ከፈትኩ። እትዬ ዘመነችን አየኋቸው፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ፊታቸው ባዶ ነው። ሊያለቅሱ የተዘጋጁ አይመስሉም፤ ሊወድቁ የተዘጋጁ ነው የሚመስሉ። ድንኳን የያዙት ሰዎች ገመዱን ጠበቅ ሲያደርጉ ሰማሁ።

«ልጃቸው ነኝ» አልኩ።

አዝኜላቸው ነው ብልሽ ደስ ባለኝ። አዝኛለሁም፣ እግዜር ያውቃል። ነገር ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ በዚያች ቅጽበት «እምቢ ካልኳቸው የት አድራለሁ?» የሚል ሐሳብም መጥቶብኛል። ደላላው፣ መንጋው፣ አጥሩ ሁሉ በዓይኔ ዞረ። የትኛው እንዳናገረኝ አላውቅም። ብቻ የወጣው ድምፅ የኔ አልመሰለኝም፤ ትንሽ ወፈር ያለ ነበር።

ሴቶቹ ተነሡ። ነጠላቸውን አወረዱ፣ አስተካክለው ለበሱ። አንድ በአንድ እየመጡ ሳሙኝ። «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ይላሉ፣ ጆሮዬ ሥር። የአንዳንዶቹ ጉንጭ በእንባ ርሷል። ሉሲ ግራ ገብቷት ቆየችና መታወቂያ ጠየቀችኝ። እጄ ላይ ያለውን የኔን መታወቂያ እትዬ ዘመነች በቀስታ ከጣቶቼ አላቀቁና መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያው ሌላ አወጡ፣ የሚሚን፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ። ሉሲ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ፎቶውን ደግማ አየች። «ጊዜው አልፏል፤ አሳድሺው» አለችኝ። «አንቺ ግን ምንም አልተለወጥሽም።»

መታወቂያውን ስትመልስ ፎቶው ወደኔ ዞሮ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። እስከዛሬም አላየሁትም፤ ማየትም አልፈልግም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኪራይ አይቀበሉኝም። «ልጅ ለእናቷ ቤት ትከፍላለች እንዴ?» ይላሉ። ሥራ ቦታ ስነግራቸው ሳምሪ በቅናት ሞተች፤ «እንዲህ ያለ አከራይ ከየት ይገኛል?» ትለኛለች። እሷም እኮ ደግ ልጅ ናት፣ ሳታውቀው ነው። ባለፈው ከካሸር ሳጥን ጀርባ ሳለሁ ሦስት ጊዜ ጠርታኝ አልሰማኋትም። አራተኛውን ጮኸችብኝ። ከመንገድ ማዶ አንድ ሰው ልጁን «ሚሚ!» ብሎ ሲጠራ ግን ዘወር ብያለሁ።

አሁን የየኔሰውን ነገር ስሚ። መልእክትሽን ይዞ መጀመሪያ የመጣው ቤት ነበር። «ጽጌ የምትባል ተከራይ አለች?» ብሎ እትዬ ሸዋረጋን ሲጠይቅ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። «ነበረች፤ የጎጃሟ ልጅ» አሉት። «ሄዳለች። ምንም ሳትናገር ነው የሄደችው። በመተማ ሳይሆን አይቀርም።» እኔ አጥሩ ውስጥ ነኝ፣ ባልዲ ይዣለሁ። መውጣት ነበረብኝ። «አለሁ» ማለት ነበረብኝ። እማዬ፣ ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፤ ስለሌላ ሰው የሚያወሩ መስሎኝ ነው የቆምኩት። ኧረ ምስኪን፣ የማን ልጅ ትሆን ብዬ አዘንኩላት።

የኔሰው አዋቂ ነው፣ አላመነም፣ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። አብረን ነው እኮ ያደግነው፣ አብረን ነው ጥጃ የጠበቅነው። ሲያየኝ ቆም አለና «ጽጌ ነሽ አይደል?» አለኝ። በሳቅ ነው ያለው። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ያን ዕለት እራት ላይ እትዬ ዘመነች እንጀራውን ቆርሰው አጎረሱኝና «ያቺ ተከራይ የነበረችው ልጅ እናቷ ልትመጣ ነው አሉ» አሉኝ። «ዓይኗንም ታማለች አሉ። ምን እንላታለን ልጄ? ልጇ ወዴት እንደሄደች አናውቅ። የልጅን መጥፋት እኔ ነኝ የማውቀው።» እንባቸው ወረደ። የምራቸውን ነው ያለቀሱልሽ እማዬ፤ ከአንጀት። ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ጥዬ እወጣ ነበር።

እንግዲህ ይህ ነው። ኅዳር ላይ ነይ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ አትቅሪ። ግን ወደ ቤት አትምጪ። የኔሰው አየር ጤና ፌርማታ ያወርድሻል፤ እኔ እዚያው እጠብቅሻለሁ። አዳር ሳምሪ ጋ ተነጋግሬያለሁ፣ ባሏም እሺ ብሏል። ሐኪሙ ዘንድ የምወስድሽም እኔ ነኝ።

ከሐኪሙ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ዓይንሽ አያይም፤ እሰይ፣ ለዚህ ነገር እንኳንም አላየ። ሹራቡንም ጫማውንም አታዪም፣ ሰው የሚጠራኝንም ስም አትስሚ። ስመጣ ዝም ብለሽ ፊቴን በእጅሽ ዳስሺው፤ ልጅ ሆኜ ስታመም እንደምታደርጊው፣ ከግንባሬ ጀምረሽ እስከ አገጬ። እጅሽ አይሳሳትም። «ይህቺ የኔ ናት» ካለ፣ ሰው መሀል ቢሆንም ስሜን ጮክ ብለሽ ጥሪው። ዕለቱን ወረዳ እሄዳለሁ። ድንኳን ቢተከል ይተከል፣ ሜዳ ላይ ባድርም ልደር፤ ተከራይ ነኝ፣ ስሜም ጽጌማርያም ነው እላለሁ።

እጅሽ ካላወቀኝ ግን አትንገሪኝ። ዝም ብለሽ ያዢኝና ወደ ሐኪሙ እንሂድ።

እስከዚያው አንድ አደራ አለብሽ። ወደዚያ የሚመጣ ሰው «ጽጌ የለችም፣ ሄዳለች» ቢልሽ፣ እርሜን እንዳታወጪ። ማንም ምንም ቢልሽ፣ ጥቁር እንዳትለብሺ። እናት እርም እስካላወጣች ድረስ ልጅ አለች፤ ይህን እዚህ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። ማታ ማታ ጥጆቹን ስታስገቢ፣ ድሮ እንደምትጠሪኝ በአጥሩ በኩል ጥሪኝ። ስትመርቂኝም «ልጄን» ብቻ ብለሽ እንዳትተዪው፤ ልጅ ብዙ ነው። ስሜን ከነአባቴ ጠርተሽ መርቂኝ። ከዚህ ሆኜ የምሰማ ይመስለኛል።

የደምበጫው ሚካኤል ዓይንሽን ይመልስልሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለማርያማዊትም ዕድሜና ልብ ይስጥልኝ። መሬት ስሜ፣ ጉልበትሽን ስሜ እሰናበትሻለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ሚሚ

ማርያማዊት፣ ለእማዬ ስታነቢላት መጨረሻ ላይ ያለውን ስም «ጽጌ» ብለሽ አንብቢላት። እኔ ሦስት ወረቀት ቀድጄ ደግሜ ሞክሬዋለሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።